እንጀራ ለሚጋግር እጅ ክሬፕ አይከብድም

ባሕር ዳር እኛ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት እንግዳ ሲመጣ ነገሩ የታወቀ ነው። ቡና ይፈላል። ቆሎ ይቀርባል፣ ፈንዲሻ ይፈነዳል፣ ድፎ ዳቦ ካለ ይቆረሳል። ከምሳ በኋላ ለብቻው ጣፋጭ የማቅረብ ልማድ በጎጃም ቤት ብዙም የለም። የቡና ቁርስ ግን አይቀርም። እኔ ክሬፕን ያስገባሁት እዚያ ቦታ ላይ ነው። አሁን ልጆቹ ከድፎው በፊት እሱን ይጠይቃሉ።

ብዙ ሰው ክሬፕ ሲባል የሆቴል ምግብ ይመስለዋል። ልዩ ዕቃ፣ ልዩ ሙያ የሚፈልግ ይመስለዋል። እኔ ግን እንጀራ የሚጋግር ሰው ከሥራው ግማሽ በላይ ያውቀዋል እላለሁ። ሊጥ ሲቀጥን ልኩን በዓይኑ ይለያል። ምጣድ መጋሉን መዳፉን ጠጋ አድርጎ ያውቃል። የሚቀረው ጥቂት ልማድ መቀየር ነው። እንጀራ ላይ ትክክል የሆነው ክሬፕ ላይ የሚያበላሽበት ቦታ አለና፣ እዚያ እዚያ ላይ ቆም እያልኩ አሳያችኋለሁ።

ክሬፕ የፈረንሳይ ስስ ቂጣ ነው። አገሩ ሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ የሚባለው አካባቢ ነው። እዚያ ለጨዋማው ምግብ ጠቆር ያለ የሌላ እህል ዱቄት ይጠቀማሉ፤ ለጣፋጩ ደግሞ የስንዴ። የሚጋግሩበት ዕቃ ቢሊግ ይባላል። ክብ፣ ጠፍጣፋና ከባድ ብረት ነው። ሊጡን መሐሉ ላይ አፍስሰው በትንሽ የእንጨት መግፊያ እያዞሩ ያሰፉታል። እነሱም ምጣድ አላቸው ማለት ነው። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2፣ በእኛ ጥር 25 ገደማ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በየቤቱ ክሬፕ ይጋገራል። ዕለቱ ጌታ በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት መታሰቢያ ነው። እኛ የካቲት 8 ስምዖን ብለን የምናስበው ማለት ነው።

የሚያስፈልገው

ይህ መጠን ከ12 እስከ 15 ክሬፕ ይወጣዋል። ለ5 ወይም ለ6 ሰው ይበቃል። ብርጭቆ የምለው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የውሃ ብርጭቆ ነው።

2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት (250 ግራም ገደማ፣ ሳይጠቀጠቅ በማንኪያ የተሞላ)
2 ብርጭቆ ወተት
3 የፈረንጅ ወይም 4 የሐበሻ እንቁላል
3 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ለጋ ቅቤ
1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
አንድ ቁንጥጫ ጨው

የእንቁላሉን ነገር ልብ በሉ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከፈረንጁ ያንሳል። መጽሐፍ ላይ 3 የሚል ካያችሁ በ3 የሐበሻ እንቁላል ከሠራችሁት ክሬፑ ሲገለበጥ ይቀደዳል። ሊጡን የሚይዘው እንቁላሉ ነውና አንድ ጨምሩ።

ቅቤው ለጋ ይሁን። በኮሰረትና በቅመም የተነጠረው ለወጥ ነው። ከማንጎና ከማር ጋር ሲገናኝ ጠረኑ ይጣላል። ለጋ ቅቤ ካጣችሁ የገበታ ቅቤ ወይም ጠረን የሌለው ዘይት ይሆናል።

ወተቱን ከጎረቤት ላም የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ አፍሉት፣ ከዚያ ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። ስልባቦቱን አንስታችሁ ለብቻው አስቀምጡልኝ፤ ለመሙያው እንፈልገዋለን። በጣም የቀዘቀዘ ወተትም አይሆንም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወተቱ ከጓዳ ሲወጣ በረዶ ነው። የቀለጠውን ቅቤ እዚያ ላይ ስታፈሱት ወዲያው ረግቶ እንክብል እንክብል ይሠራል። ለብ ያለ ወተት ይህን ችግር ያስቀረዋል።

ሊጡ

ዱቄቱን በወንፊት ንፉት። ጨውና ስኳሩን ቀላቅሉበት። መሐሉን በእጃችሁ ጎድጎድ አድርጉና እንቁላሎቹን እዚያ ስበሩ። አሁን ከመሐል ጀምራችሁ በእንቁላል መምቻ ወይም በሹካ ምቱ። ዱቄቱ ከዳር በዳር እየተናደ ይግባ።

ወተቱን አንድ ጊዜ አትገልብጡት። መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ጨምሩና ወፍራም፣ ልስልስ ያለ ሊጥ አድርጉት። ጓጓላው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ወፍራም ሊጥ ውስጥ መምቻው ጉልበት ያገኛል። ከቀጠነ በኋላ ጓጓላው እየሸሸ ያስቸግራል። ልስልስ ካለ በኋላ የቀረውን ወተት እያንጠባጠባችሁ ጨምሩ፣ በመጨረሻ የቀለጠውን ቅቤ። ጓጓላ ከቀረ በወንፊት አጥልሉት። ጁስ መፍጫ ያለው ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ለ20 ሰከንድ ቢመታው ይሆናል፤ ግን አረፋ ስለሚበዛበት ረዘም ላለ ጊዜ ይረፍ።

ማሳረፉን ማንም እንዳይዘለው። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል 1 ሰዓት። ዱቄቱ ወተቱን ጠጥቶ ይርሳል። ስንመታው የጠነከረው የስንዴው ሙጫ ይላላል። አረፋውም ይወጣል። ሳያርፍ የተጋገረ ክሬፕ እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ጥርስ ላይ ያስታውቃል።

ማሳረፍ ማለት ግን ማቡካት አይደለም። የእንጀራ ሊጥ እርሾ ይገባበታል፣ ቀን ይቆጠርለታል፣ አብሲት ይጣልበታል። የክሬፕ ሊጥ እንዲኮመጥጥ አንፈልግም። ውስጡ ወተትና እንቁላል አለበት። ባሕር ዳር ሙቀት ነውና ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ፍሪጅ ካለ እዚያ ይግባ፤ እስከ ነገ ያድራል። ፍሪጅ ከሌለ ከ1 ሰዓት በላይ ሳይቆይ ይጋገር።

ሲያርፍ ትንሽ ይወፍራል። ከመጋገራችሁ በፊት አማስሉትና ጭልፋውን አንሡ። ከጭልፋው ጀርባ ላይ ስስ ሆኖ ተለጥፎ የሚቀር፣ ሲፈስ ደግሞ ሳይቆራረጥ የሚወርድ መሆን አለበት። ከእንጀራ ሊጥ ቀጠን ይላል። ወፈር ካለ በሾርባ ማንኪያ ውሃ እየጨመራችሁ አስተካክሉ።

መጥበሻውና እሳቱ

ትልቁ የሸክላ ምጣድ ለዚህ አይመችም። ክሬፕ የሚሰፋው መጥበሻውን በእጅ እያዘነበሉ ነው፤ ምጣድ አንሥቶ ማዘንበል አይቻልም። ከ22 እስከ 26 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ታቹ ወፈር ያለ፣ የማይዝ መጥበሻ ይበቃል። ወጥና ሽንኩርት የማይጠበስበት አንድ መጥበሻ ለእንቁላልና ለክሬፕ ብትለዩ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። የሽንኩርት ጠረን ጣፋጭ ላይ ይወጣል።

እሳቱ መካከለኛ ይሁን። መብራት ጠፍቶ በከሰል ከሆነ የምትሠሩት፣ ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ ዐመድ ሲለብስ ጀምሩ። በርና መስኮት ይከፈት። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፤ በተለይ ልጆች ከበው ሲጠብቁ።

መጋሉን በጠብታ ውሃ ሞክሩ። ጠብታዋ ቆማ ከቀረች ገና ነው። እየዘለለች ከጠፋች ጊዜው ነው። ከዚያ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት በንጹሕ ጨርቅ አስሱ። ምጣድ በጎመን ዘር እንደምናስሰው ማለት ነው፤ እንዲወዛ እንጂ እንዲዋኝ አይደለም። ግማሽ ድንች በሹካ ወግቶ ዘይት እያስነኩ መቀባትም ይቻላል። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ እጅ አያቃጥልም።

ማፍሰስ፣ ማስፋት፣ መገልበጥ

እናቴ የደብረ ማርቆስ ሰው ናት። አንድ ቀን አጠገቤ ቆማ ስታይ፣ «ምነው ልጄ፣ ከመሐል ጀመርሽው?» አለችኝ። ልክ ናት። እንጀራ ከዳር ተጀምሮ እየተዞረ ወደ መሐል ይገባል። ክሬፕ ግን በተቃራኒው ነው።

ሩብ ብርጭቆ ያህል ሊጥ ቅዱ። መጥበሻውን በአንድ እጅ ከእሳቱ ብድግ አድርጉት። ሊጡን መሐል ላይ አንድ ጊዜ አፍስሱና ወዲያው መጥበሻውን አዘንብሉ። በአንድ ዙር ዳሩን ሁሉ ይንካ። ከ3 ወይም ከ4 ሰከንድ በላይ አይፈጅም። ቀዳዳ ከቀረ በጠብታ ሊጥ ድፈኑት። ትርፍ ሊጥ ከተንሸራተተ መልሳችሁ ወደ ዕቃው አንጠፍጥፉት፤ ነውር የለውም።

አክንባሎ የለም፣ ክዳን የለም። እኔ መጀመሪያ በልማዴ ከደንኩት። በእንፋሎቱ ላብ አወጣና ታቹ ተጣበቀ። እንጀራ ከላይ በእንፋሎት ነው የሚበስለው፣ አይገለበጥም። ክሬፕ ግን በሁለቱም ፊት እሳት ያያል። ዓይን ማውጣቱንም አትጠብቁ። ክሬፕ ላይ ዓይን ከበዛ ወይ መጥበሻው በጣም ግሏል ወይ ሊጡ አላረፈም፤ መሙያውም በቀዳዳው ይፈሳል።

ከ1 ደቂቃ ገደማ በኋላ ላዩ እርጥበቱ ይጠፋል። ዳሩ ቡናማ ሆኖ ሽብሽብ እያለ ይነሣል። በመገልበጫ ዙሪያውን አላቁት፣ ከሥሩ ግቡና ገልብጡት። ሁለተኛው ፊት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። ይህኛው ፊት ጠቃጠቆ ይኖረዋል፤ መሙያው የሚቀባው በእሱ ላይ ነው። ወርቃማው ፊት ወደ ውጭ ይሆናል።

የመጀመሪያው ክሬፕ ከተበላሸ አትዘኑ። እሱ የምጣድ ማሟሻ ነው። የመጥበሻውን ሙቀትና የሊጡን ቅጥነት የምትለኩበት ነው። ነጣ ብሎ ከቀረ እሳቱን ጨምሩ። ከመስፋቱ በፊት ከረጋ እሳቱን ቀንሱ ወይም ሊጡን አቅጥኑ። ሲገለበጥ ከተቀደደ ቸኩላችኋል፤ እንደዚያ ካልሆነ አንድ እንቁላል ሊጡ ላይ ጨምሩ።

የበሰለውን ሳህን ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡ። እንጀራ ትኩሱን ቢደረብ ይጣበቃል፤ ለዚያ ነው ሰፌድ ላይ የምናቀዘቅዘው። ክሬፕ ቅቤ ስላለው አይያያዝም። ትኩሱን ደርባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ብትሸፍኑት እንዲያውም ይለሰልሳል።

መሙያው

የእኔ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ለክሬፕ የሚሆን ነገር ሞልቷልና።

አንደኛ አይብና ማር። ከሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። አይቡ የዕለቱ፣ ያልኮመጠጠ ይሁን። 1 ብርጭቆ አይብ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ግማሽ ሰዓት ስቀሉት። ከዚያ በሹካ ደፍጥጡት። አይብ ፍርፍር ይላል፤ እንዲሁ ከተሞላ አፍ ላይ ይደርቃል። ያስቀመጥነው ስልባቦት የሚገባው አሁን ነው። 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ስልባቦት እየጨመራችሁ እንደ ክሬም እስኪለሰልስ ምቱት። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ ማርና የግማሽ ሎሚ ልጣጭ በስሱ ተፍቆ። ቢጫውን ወይም አረንጓዴውን ላይኛውን ብቻ ፋቁ፤ ነጩ ይመራል። የሎሚው ሽታ የአይቡን ጣዕም ከፍ ያደርገዋል። ክሬፑ ላይ ከቀባችሁ በኋላ ከላይ አንድ ክር ማር ጣል አድርጉበት።

ማሩ ከረጋ እሳት ላይ አትጣዱት። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ቀስ ብሎ ይላላል። እሳት የነካው ማር ሽታው ይጠፋል። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ደግሞ ማር ያለበት አይቅመስ።

ማንጎ ሲሆን በጊዜው ገበያ ላይ ሲረክስ ነው የምሠራው። 2 የበሰሉ ማንጎዎች በትንንሹ ቁረጡ። ግማሹን በ1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና በጥቂት ሎሚ ለ5 ደቂቃ አብስሉት፣ እንደ ማርማላታ ይሁን። ከእሳት አውጥታችሁ ጥሬውን ግማሽ ቀላቅሉ። አንዱ ይጣፍጣል፣ አንዱ ትኩስነቱን ይሰጣል። ክር የሚበዛበት ማንጎ ከሆነ ጨምቃችሁ ጭማቂውን ብቻ አብስሉት።

ሙዝ በተቃጠለ ስኳር ልጆች የሚጣሉበት ነው። 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ደረቅ መጥበሻ ላይ ዘርግታችሁ በለዘብተኛ እሳት አቅልጡት። አታማስሉት፤ መጥበሻውን ብቻ ወዝወዝ አድርጉ። የጠጅ መልክ ሲይዝ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ቀጥሎ 3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት። ወተቱ ሲገባ ገንፍሎ ይነሣል፣ ፊታችሁን አርቁ። የቀለጠ ስኳር ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ቃጠሎውም ከውሃ ይብሳል። ልጆች በዚህ ሰዓት ከወጥ ቤት ይውጡ። ከዚያ 3 ሙዝ ቆራርጣችሁ 1 ደቂቃ ብቻ። ከቆየ ይቦካካል።

ክሬም የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ የኮረሪማ ክሬም አለ። 2 የእንቁላል አስኳል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ኮርን ፍላወር (ነጩ የበቆሎ ስታርች) ምቱ። ግማሽ ኮረሪማ ፍሬ ወቅጣችሁ ከ1 ብርጭቆ ወተት ጋር አፍሉ፣ አጥልሉት። ትኩሱን ወተት በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ አስኳሉን ምቱ፤ አንድ ጊዜ ከገለበጣችሁት እንቁላሉ ይረጋል። ወደ እሳት መልሱና እስኪወፍርና ፏ ፏ እስኪል ሳታቋርጡ አማስሉ። ኮረሪማ ለወጥ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ከወተትና ከስኳር ጋር ሲገናኝ ሌላ ነገር ይሆናል።

ዘጌ ቡና የምትጠጡ ከሆነ፣ 1 ሲኒ ወፍራም ቡና ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር ጥዳችሁ ማር እስኪመስል ካመነመናችሁት በዚህ ክሬም ላይ ይፈስሳል። ለውዝ ቆልቶ፣ ወቅጦ በማር መለወስም ቀላልና ፈጣን ነው።

ሲሞላ አይብዛ። ለአንድ ክሬፕ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ወፍራም የሆነውን፣ አይቡንና ክሬሙን፣ ከጫፉ ትንሽ ትታችሁ ቀቡና እንደ ጥቅል እንጀራ ጠቅልሉት። ፈሳሽ ያለበትን፣ ሙዙንና ማንጎውን፣ ሩቡ ላይ ብቻ አድርጉና ክሬፑን ሁለት ጊዜ አጥፉት፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ አይፈስም። እንግዳው ሳይቀመጥ አትሙሉ። ከአቦሉ ጋር እንዲደርስ ሲኒው ሲቀዳ ሙሉት።

በጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ እያልን ስንቆጥር ከዓመቱ ብዙው ጾም ነው። ለዚያ የሚሆን ክሬፕ ካልኖረ መመሪያው ግማሽ ነው።

1 የሾርባ ማንኪያ ሳይቆላ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ ተዉት። ይዝለገለጋል። የእንቁላሉን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው። 2 ብርጭቆ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ፍላወር፣ ጨውና ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 2 ብርጭቆ ከሩብ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። በውሃው ፈንታ የሱፍ ወተት ብታደርጉ የበለጠ ይጣፍጣል፤ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ የተጠለለው። ይህ ሊጥ 1 ሰዓት ሙሉ ይረፍ። ሲጋገር እንቁላል እንዳለው አይጠነክርም፤ መጠኑን አነስ አድርጉ፣ ከመገልበጣችሁም በፊት ዳሩ በደንብ ይድረቅ። መሙያው ሙዝና የለውዝ ቅቤ፣ ወይም ማንጎው እንዳለ።

ጤፍ የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ በፍስኩ ሊጥ ላይ ከዱቄቱ ሲሶውን በነጭ ጤፍ ተኩት። ሽታው ደስ ይላል፣ መልኩም ይጠቁራል። ከሲሶ ግን አትለፉ። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ሙጫ ስለሌለው ስሱ ቂጣ ይሰባበራል።

የተረፈው

ያልተሞላ ክሬፕ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን ይቆያል። ሲፈለግ መጥበሻ ላይ በእያንዳንዱ ፊት 20 ሰከንድ ማሞቅ ነው። አይብና ክሬም የተሞላው ግን ዕለቱን ይበላ።

ደርቆ ጠርዙ የሚሰባበር ከሆነም አይጣልም። እንደ ፍርፍር በእጃችሁ ቆራርጡት። 1 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ አቅልጡ፣ ቁርጥራጩን ለ2 ደቂቃ ገለባብጡት፣ ከእሳት ስታወርዱት ማር ለውሱበት። በማንኪያ ነው የሚበላው፤ ትኩሱን ለሁለተኛው ቡና አቅርቡት።